ሻጋታን በቀለም መሸፈን ቤትን ማዳን አይደለም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በየከተማው የሚደረግ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራዩ ከገበያ ቀለም ይገዛና በሐምሌና በነሐሴ የጠቈረውን ግድግዳ ለዘመን መለወጫ አድምቆ ይቀባዋል። ቄጤማ ይጐዘጐዛል፤ ቡና ይፈላል፤ እንግዳም ሲገባ ቤቱ ያበራለታል። ዳሩ ግን የሚቀጥለው ክረምት በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያው ጥቁር ነጠብጣብ በያው ስፍራ፣ ይኸውም በአልጋው ራስጌ፣ በቁም ሣጥኑ ጀርባና በክፍሉ ማእዘን ላይ ተመልሶ ይታያል። ባለቤቱም «ክረምት ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ እንደገና መስከረምን ይጠብቃል። እኔ ግን ይህ ነገር የክረምት ጠባይ ሳይሆን የቤት በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ቀለም አይደለም እላለሁ።

ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ዝንብ፣ ውሃን ስለ ማፍላትና እጅን ስለ መታጠብ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ መጻፉም የሚገባ ነው። የንጽሕና ተቈጣጣሪዎቻችን ወደ አንድ ግቢ ሲገቡ ጕድጓዱን ያያሉ፤ ጥራጊው የሚጣልበትን ስፍራ ይጠይቃሉ፤ የውሃውን በርሜል ከፍተው ይመለከታሉ። ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ የሚመለከት ግን እምብዛም የለም። አንድ ጐልማሳ ሰው በቀን የሚጠጣው ውሃ ሁለት ሊትር ያህል ሲሆን ወደ ሣንባው የሚያስገባው አየር ግን ከ10,000 ሊትር ይበልጣል፤ ከዕድሜውም ሲሦ ያህሉን የሚተነፍሰው የመኝታ ቤቱን አየር ነው። ለምንጠጣው ይህን ያህል እየተጠነቀቅን ለምንተነፍሰው ቸል ማለታችን ሚዛን የጐደለው ነገር ሁኖ ይታየኛል።

ሻጋታ ምን እንደ ሆነ ለአገራችን የቤት እመቤት ማስረዳት አያስፈልግም። እንጀራ በመሶብ ሦስት አራት ቀን ሲሰነብት የሚወጣበትን ነጭና አረንጓዴ ጠጕር አሳምራ ታውቀዋለች። በግድግዳ ላይ የሚወጣውም የዚያው ወገን ነው። ተክል አይደለም፤ እንስሳም አይደለም፤ ሊቃውንት ፈንገስ ብለው በራሱ ነገድ የሚቈጥሩት ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት ስለማይችል ያረፈበትን ነገር እያሟሟ ይበላል። እንጨት፣ ጭድ፣ ወረቀት፣ ጥጥ፣ ቆዳ፣ በግድግዳ ላይ የተቀመጠ አቧራ ሳይቀር ምግቡ ነው። የሚቸግረው ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃ ካገኘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ይህን ያስተዋለ ሰው የጭቃ ቤታችን ለሻጋታ ምን ያህል የተሰናዳ ማእድ እንደ ሆነ ይረዳዋል። ማገሩ እንጨት ነው፤ ምርጊቱ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ነው፤ ግድግዳውም ብዙ ጊዜ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የጋዜጣ ወረቀት ለብሷል። ጋዜጣውን እኛ ካነበብነው በኋላ ለሻጋታ ቀለብ አድርገን እንሰጠዋለን ማለት ነው።

ሻጋታ የሚራባው በዘሩ ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል የብዙዎቹ ስፋት ከዚያ ውስጥ ከሁለት እስከ ዐሥር የሚሆነውን ክፍል ብቻ ይይዛል። በዐይን አይታይም፤ በጥቂት ነፋስ ተነሥቶ ለረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል። በ1729 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚኬሊ የተባለ ጣልያናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከእነዚህ ሻጋታዎች አንዱን በአጕሊ መነጽር ሲመለከት ዘሩ የተሰበሰበበት ራስ የካቶሊክ ካህናት ጠበል የሚረጩበትን ዕቃ ስለ መሰለው በዚያው ዕቃ ስም አስፐርጊለስ ብሎ ጠራው። ስሙ የተቀደሰ ይምሰል እንጂ በሣንባ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የተቀደሰ አይደለም።

የአፍንጫችን ጠጕርና የጕሮሮአችን እርጥበት ከፍ ከፍ ያለውን አቧራ ይዘው ያስቀሩታል። እንደ አስፐርጊለስ ዘር ያለው ደቃቅ ብናኝ ግን ይህን ዘበኛ አልፎ እስከ ሣንባው የመጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ጤናማ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲህ ያለ ዘር ይተነፍሳል፤ ሰውነቱም አሸንፎ ያስወግደዋል። ችግር የሚመጣው ዘሩ ሲበዛ ወይም የሚተነፍሰው ሰው ሰውነት ለዚህ ነገር የሚቈጣ ሲሆን ነው። ከሁሉ በላይ የተለመደው ጉዳት ይህ ቍጣ፣ ይኸውም አለርጂ የሚባለው ነው። ዘሩ በደረሰ ጊዜ የአየር ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፤ ይጠብባሉ፤ አክታ ይሞላባቸዋል። ሰውየው ሲተነፍስ ከደረቱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ሌሊትና ወገግታ ላይ ይብስበታል። አስም የምንለው ይህ ነው። አስም ያለበትን ሰው ሻጋታ ያስነሣበታል፤ በእርጥብ ቤት የሚያድጉ ሕፃናት ደግሞ አስም የሚጀምራቸው በደረቅ ቤት ከሚያድጉት ይልቅ ብዙ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ እወዳለሁ፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በዚህ ስፍራ ነውና። ልጁ ያስለዋል። እናቱ «ብርድ መታው» ትላለች፤ ዳማከሴ ይታሽለታል። ሳይሻለው ሲቀር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ሽሮፕና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ከዚያም ተመልሶ በያው ግድግዳ ሥር ይተኛል፤ በሁለተኛው ሳምንትም ሳሉ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እየሆነ በአንድ ክረምት ሦስትና አራት ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን አለ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ በግድግዳ ላይ ያለውን ሻጋታ አይደለም፤ ያለ ቦታው በተሰጠ ቍጥርም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። ስለዚህ የሕክምና ባልደረቦቼ በየምርመራ ክፍላቸው አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ እመኛለሁ፤ ይኸውም «ልጁ የሚተኛው የት ነው? ግድግዳውስ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። አያቱ ዘንድ ሰንብቶ ሲሻለውና ቤቱ ሲመለስ የሚብስበት ልጅ ካለ ምርመራው ከግማሽ በላይ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ኢንፌክሽንና የአስም መባባስ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚያገኛቸው አረጋግጧል። በዚያው መመሪያ «እስከዚህ ልክ ድረስ ያለ ሻጋታ ጉዳት የለውም» ተብሎ ቍጥር ሊወሰንለት እንደማይቻልና መከላከያው እርጥበትን ከቤት ማራቅ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብሎ መከራከር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ሌላው ጉዳት በቍጥር ያነሰ ሁኖ በክፋቱ የሚብስ ነው። የሻገተ ሣር ወይም እህል አዘውትሮ የሚያገላብጥ ሰው የአየር ቧንቧው ብቻ ሳይሆን የሣንባው ሥጋ ራሱ ይቈጣበታል፤ ከሥራው በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትኵሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትንፋሽ ማጠር ይይዘዋል። ነገሩ ለዓመታት ከቈየ ሣንባው ይጠነክርና እንደ ጠባሳ ይሆናል። የገበሬ ሣንባ የሚባለው ይህ ሕመም በእንግሊዝ አገር በ1932 በሕክምና ጽሑፍ ተገልጿል፤ ብቅል በሚያዘጋጁ ሠራተኞች ላይም ተመሳሳዩ ታይቷል። ከመኝታ ክፍል አጠገብ ብቅል አብቅለው ጠላ የሚሸጡ እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ብቅሉን በተለየ ክፍል ወይም በደጅ ዳስ ማድረግ ይበቃል።

ሦስተኛው ከአገራችን ጋር የተለየ ግንኙነት አለው። ኢትዮጵያ የሣንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳው በመድኃኒት ከዳነ በኋላ በአንዳንድ በሽተኞች ሣንባ ውስጥ ባዶ ዋሻ ይቀራል፤ በዚያ ዋሻ ውስጥ አስፐርጊለስ ገብቶ እየበቀለ እንደ ድቡልቡል ኳስ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው እንደገና ያስለዋል፤ ይከሳል፤ ደም ይተፋል። ነቀርሳው የተመለሰበት ይመስለዋል፤ አክታው ቢመረመር ግን የነቀርሳ ባክቴሪያ አይገኝበትም። የአስፐርጊለስ ዘር በደጅ አየርም ስላለ የዚህን ሕመም ጥፋት ሁሉ በቤቱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ነገር ግን ነቀርሳ ታሞ የዳነ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ሰውነቱ በሌላ ሕመም የደከመ ሰው በሻገተ ክፍል እንዲተኛ ማድረግ ለማንም የሚደገፍ ነገር አይደለም።

ነገሩን ከልክ አሳልፎ ሕዝብን ማስደንገጥም ተገቢ አይደለም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ በሕፃናት ላይ የታየ የሣንባ ደም መፍሰስ ጥቁር ሻጋታ ያመጣው ነው ተብሎ ወሬው በብዙ አገር ተሰማ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማእከል ግን በ2000 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ብሏል። ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ፣ ሻጋታን በቀለሙ ገዳይና የዋህ ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቤት ውሃ ያለ ቦታው አለ ይላል።

«ሻጋታማ ፔኒሲሊንን የሰጠን አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይታጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ፍሌሚንግ በ1928 በለንደን ያገኘው ከሻጋታ ነው። ነገር ግን የታሪኩ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ያ ሻጋታ ወደ ፍሌሚንግ ክፍል የመጣው ከበታቹ ካለው ክፍል ነው፤ በዚያም አንድ የፈንገስ ሊቅ የአስም በሽተኞች ከሚኖሩበት ቤት ሻጋታ እየሰበሰበ ይመረምር ነበር። ስለዚህ የዓለሙን ታላቅ መድኃኒት የሰጠን ሻጋታ ምናልባት ሰው ትንፋሽ ካጠረበት ቤት ጋር ዝምድና ያለው ነው። ቢሆንም መድኃኒት የሚሠራው በብልቃጥ ተጣርቶ ሲወጣ እንጂ ከትራስ አጠገብ ሲበቅል አይደለም።

የመጽሐፍ ሰዎች የሆናችሁ አንባቢዎች ኦሪት ዘሌዋውያንን በ14ኛው ምዕራፍ ተመልከቱ። በዚያ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ለምጽ ትእዛዝ ተሰጥቷል። ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑም ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ አዝዞ ግድግዳውን ይመረምራል፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሁኖ ወደ ውስጥ የዘለቀ ምልክት ካየ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ተመልሶ ሲያየው ሰፍቶ ከተገኘ የተበከሉት ድንጋዮች ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ የግድግዳው ልስን ዙሪያውን ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ቢወጣ ቤቱ ይፈርሳል። ያ ደዌ ሻጋታ ነበረ አልነበረም ብለው የሚከራከሩትን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በዚያ ሁሉ ሥርዐት ውስጥ ግድግዳውን ቀብታችሁ ሸፍኑት የሚል ትእዛዝ አለመኖሩ ነው።

ቀብቶ መሸፈን ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ዘመን በእንግሊዝ አገር ታይቷል። በሮችዴል ከተማ ከሱዳን የሄዱ ባልና ሚስት በተከራዩት አነስተኛ ቤት ሻጋታ ወጥቶ አባት ለአከራዩ በ2017 ቢያመለክት ቀለም ቀባው የሚል መልስ ተሰጠው። በዚያው ቤት የተወለደው ልጃቸው ዐዋብ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሞተ። የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ከተጠቃ በኋላ በደረሰበት የመተንፈሻ አካላት ሕመም መሆኑን ወሰኑ። ከዚህም የተነሣ በልጁ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች አከራይ አስጊ የሆነ ሻጋታ ሲነገረው በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ ከዚያም በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አደጋውን እንዲያስወግድ፣ ነገሩ አጣዳፊ ሲሆን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ ተገድዷል። በሀብትና በጥበብ የሠለጠነ አገር ይህን ያወቀው አንድ ሕፃን ከቀበረ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። እኛ እስከዚያ መጠበቅ የለብንም።

እንግዲህ ውሃው ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ከላይና ከታች ነው። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናም ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በጎሬና በአካባቢዋ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛል። የቆርቆሮው ምስማር ላልቶ እንደ ሆነ፣ አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ እንደ ሆነ ውሃው ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል። የጣሪያው ክንፍ አጭር ከሆነ ከመሬት ፈንጥቆ የሚነሣው ጠብታ ምርጊቱን ከጕልበት በታች ያርሰዋል። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ያላለ ቤት ደግሞ ውሃውን እንደ ፈትል ከመሬት እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሻጋታው ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ እንደ መቀነት ሲዞር የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። የዚህ መድኃኒቱ በቀለም መደብር አይገኝም፤ ዶማና አካፋ ይዞ ከቤቱ ጀርባ ቦይ መቅደድ ነው። በአዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ግድግዳው ሲሚንቶ ነው ብሎ መዝናናት አይቻልም፤ ከላይ ካለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት የሚንጠባጠበው ቧንቧ የሁለት ቤተ ሰብ ጠብ ሁኖ ሲቈይ ኮርኒሱ ይጠቍራል።

ሁለተኛው ውሃ ከእኛው ከራሳችን የሚወጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል፤ አምስት ሰው በአንድ ክፍል ቢያድር ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። አንድ ሊትር ላምባ በምድጃ ሲነድ በተን መልክ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወልዳል። ወጡ ሲንተከተክ፣ ልብሱ በክፍል ውስጥ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ቄጤማው ተጐዝጕዞ ሦስት ቀን ሲሰነብት ሁሉም እርጥበት ይሰጣል። (ቄጤማ ደስ ይላል፤ ግን በማግሥቱ ተጠርጎ ይውጣ።) ይህ ተን መውጫ አጥቶ ሲዞር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮና ግድግዳ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ጧት ቆርቆሮው «አልቦት» የምናየው ዝናም ስላፈሰሰ አይደለም፤ የሌሊቱ ትንፋሻችን ነው። ከአልጋው ጀርባ ደግሞ አየር ስለማይዘዋወር ግድግዳው ከሌላው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ሻጋታውም ያንኑ ስፍራ ይመርጣል። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ጉዳይ እመጣለሁ፤ በዚህም ከብዙ ወዳጆቼ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። ሕዝባችን ነፋስን ይፈራል። በአውቶቡስ ውስጥ እንኳ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት «ነፋስ ሊያስመታን ነው» የሚል ጩኸት ከኋላ ይነሣል። በቤትም እንዲሁ ሕፃን ያለበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ፣ በላዩም መጋረጃ ተጋርዶበት ይኖራል። ይህን የሚያደርጉት እናቶች ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ያ ፍቅር ልጁን ከነፋስ አድኖ ለሻጋታና ለጢስ አሳልፎ ይሰጠዋል። የሣንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንጂ ነፋስ በሚመላለስበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

አንድ አስተዋይ ሰው «በክረምት የደጁም አየር እርጥብ ነው፤ ብከፍተው ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ይህ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ውሃ ጥቂት ነው። የደጁ አየር ሙቀቱ 12 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 80 ከመቶ ቢሆን፣ ወደ ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 55 ከመቶ ይወርዳል። ይህም ሰው ካደረበት ክፍል አየር የደረቀ ስለ ሆነ ተኑን ተሸክሞ ይወጣል። የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 ከመቶ በታች ከተጠበቀ ሻጋታ ማደግ ይቸግረዋል። በደጋው አገር የክረምት ዝናም አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚበረታ ስለ ሆነ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ መስኮቱንና በሩን ፊት ለፊት ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍበት ማድረግ፣ ፍራሹንም በፀሐይ ማስጣት ይበቃል። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል ወይም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሊቈይ ይችላል። ሌሊቱን ሁሉ ክፈቱት የሚል የለም።

ቤቱን ለማድረቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ነው፤ ስንት ቤተ ሰብ በአንድ ሌሊት ተኝቶ እንደ ቀረ በየክረምቱ እንሰማለን።

ስለ ማጽዳቱ አጭር ቃል ይበቃል። ሲሚንቶ፣ መስታወትና ቀለም የተቀባ ብረት በሳሙናና በውሃ በብሩሽ ታሽቶ ከዚያ ማድረቅ ነው። በረኪና በእንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን ቢቀላቀል ሣንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በጭቃ ግድግዳ ላይ በረኪና መርጨት ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱ በላይ ሲቀር ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ለሻጋታው መጠጥ ይሆነዋል። የጭቃው ምርጊት ብናኙ እንዳይነሣ ጥቂት ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ከነጠብጣቡ አንድ ስንዝር እያለፈ ይፋቅና ወደ ደጅ ይጣል፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ከዚያ ይመረግና ኖራ ይቀባ። ኖራ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው አለ፤ እኔ ግን ለጭቃ ቤት ከዘይት ቀለም አብልጬ አከብረዋለሁ። ኖራ በጠባዩ ሻጋታን የሚያስቸግር ሲሆን ግድግዳው እርጥበቱን እንዲተፋ ይፈቅድለታል፤ የዘይት ቀለም ግን ውሃውን እንደ ላስቲክ አፍኖ ይይዝና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከነልስኑ ይረግፋል። የሚያጸዳው ሰው ደቃቅ ብናኝ የሚይዘውን ኤን 95 የተባለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት በዚያ ቀን ከቤቱ ይራቁ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የማን ሥራ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ተከራይ መስኮት ሊከፍት፣ አልጋውን ሊያርቅ፣ ላምባውን በደጅ ሊያነድ ይችላል። ቆርቆሮ ማስመታት፣ አሸንዳ መስቀልና መሠረት ማጠናከር ግን ነገ ውጣ ለሚባል ሰው የሚጫን ሸክም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ያከራየውን ነገር በኪራዩ ዘመን በመልካም ሁኔታ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። የሚያፈስ ጣሪያ አከራይቶ በየወሩ ገንዘብ መቀበል፣ ተከራዩ ሲያመለክትም «አንተ ብዙ ውሃ ስለምትጠቀም ነው» ማለት በእኔ አስተያየት የሻገተ እህል በገበያ ከመሸጥ አይለይም። አከራዩ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ሲሆንም ፍርዱ ያው ነው። ከዚህም ጋር የጤና መሥሪያ ቤታችን ተቈጣጣሪዎች በሚይዙት ቅጽ ላይ ስለ ግድግዳ እርጥበት አንድ መስመር እንዲጨመርበት አሳብ አቀርባለሁ፤ ያልተጻፈ ነገር አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረም በጀት አይያዝለትም።

በመጨረሻ ለመምህራን የምናገረው አለኝ። የትምህርት ዘመናችን የተደረገው ክረምቱ ለዕረፍት እንዲውል ስለ ሆነ የክፍሎቻችን በርና መስኮት የሚዘጋው ልክ ዝናሙ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ነፋስ ሳያልፍበት፣ ቆርቆሮው እያፈሰሰ፣ መጻሕፍቱ በጓዳ ታጭቀው ይቈያሉ፤ በመስከረም ስድሳና ሰባ ልጆች በአንድ ጊዜ ይገቡበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክፍሉ የሚሰማውን ሳልና ማስነጠስ ሁሉ የመስከረም ብርድ ነው ብለን እናልፈዋለን። ያ በር ሲከፈት የሚመጣውን የጓዳ ሽታ የማያውቅ መምህር የለም፤ ያ ሽታ ሻጋታው እያደገ የሚያወጣው ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫችን ከመነጽር ያላነሰ መመርመሪያ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ የክፍሎቹ ቍልፍ ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ ወጥቶ ለዘበኛው ቢሰጥና ፀሐይ በወጣ ጧት ሁሉ መስኮቶቹን እየከፈተ ከቀትር በፊት እንዲዘጋቸው ቢታዘዝ፣ በጳጕሜን ቀኖች ደግሞ መጻሕፍቱ ወጥተው በፀሐይ ቢናፈሱ፣ የሻገቱትም ተለይተው ቢወገዱ፣ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ስፍራ ለማወቅም ከክረምቱ የተሻለ ጊዜ ስለሌለ ዘበኛው ውሃ የሚያንጠባጥበውን ክፍል በጠመኔ ምልክት ቢያደርግበት በጥቅምት ለሚመጣው አናጢ ሥራው ይቀልለታል።